የሁለት ሰፌድ ምልክት

የንግድ ምልክት የሥራ ምስክር ነው እንጂ የሥራ ምትክ አይደለም። ሥራው ሳይኖረው ምልክቱን የሰረቀ ሰው፣ የሌላውን ምስክር ወስዶ በገዛ ደጁ ያቆመ ነው፤ ያም ምስክር ቀኑ ሲደርስ በሌባው ላይ እንጂ በባለቤቱ ላይ አይናገርም። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በወለጋ አገር በነቀምቴ ከተማ በ፲፱፻፶፭ እና በ፲፱፻፶፮ ዓመተ ምሕረት የሆነውን ይስማ።

በቡርቃ ጃቶ፣ ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ጉሉማ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ነበረ። ማንቆርቆሪያና ኩራዝ፣ ማጥለያና የጣራ አሸንዳ ይሠራል፤ በከተማው የታወቀው ግን በሌላ ሥራ ነው። ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ በጆንያው ላይ ምልክት ያትማል። የሚፈለገው ቅርጽ በዝርግ ቆርቆሮ ላይ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ቆርቆሮው በጆንያው ላይ ይጋደማል፤ ጥቁር ቀለም የነካ ብሩሽ በላዩ ሲመላለስ ቀለሙ በተፈለፈለው በኩል ገብቶ በጆንያው ላይ ይቀራል። በነቀምቴ ይህን የሚፈለፍል እጅ የጉሉማ ብቻ ነበር። ስለዚህም የነጋዴው ሁሉ ስም በእርሱ እጅ ያልፋል፤ እርሱም ይህን አውቆ ለራሱ ሕግ አውጥቶ ነበር። ለአንድ ነጋዴ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ይቀርጻል። ያ ቆርቆሮ ቢያረጅ፣ ባለቤቱ አሮጌውን ካላመጣና ጉሉማ ራሱ በመዶሻ ካልጨፈለቀው በቀር ሁለተኛ አይሠራም። «የሰው ስም ከእጄ ሁለት ሆኖ አይወጣም» ይል ነበር። እንጀራው የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

አንድ ሰኞ ጧት ወይዘሮ ድርቤ ከደጁ ደረሱ። ድርቤ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ለዐሥር ዓመት የኑኑ ቁምባን ቡና እየገዙ፣ እያስለቀሙ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ ነጠላቸውን እንጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ።

«አካም ቡልቴ፣ ጉሉማ?» ብለው እንዴት እንዳደረ ጠየቁት።

«ነገያ፣ አዴ ድርቤ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። አንበሳ ቅረጽልኝ።»

ጉሉማ መቀሱን አስቀመጠ። «በዚህች ከተማ ስንት አንበሳ እንዳለ ያውቃሉ?»

«አንበሳማ በዱር ነው እንጂ በከተማ ምን ይሠራል?»

«በቆርቆሮ ስምንት አለ። ስምንቱንም የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ ዘውድ ደፍቷል፣ አንዱ ጦር ይዟል፣ አንዱ ምላሱን አውጥቷል። ጆንያው ከመኪና ወርዶ ሲወረወር ግን ስምንቱም ድመት ናቸው።»

ድርቤ ሳቁ። «እንግዲያስ ዝሆን አድርገው።»

«ዝሆን ሦስት አለ።»

«አንተ ደግሞ የኖኅን መርከብ ነው እንዴ የከፈትከው?» ብለው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡም በኋላ የመጡበትን ምክንያት በሙሉ ነገሩት። በአዲስ አበባ ቡናቸውን ተቀብሎ ወደ ውጭ አገር የሚልከው የላኪው ቤት ወኪል፣ ሽብሩ የሚባለው ሰው፣ ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ መጥቶ ነበር። ቡናቸው ጥሩ እንደ ሆነ፣ ነገር ግን በመጋዘኑ ውስጥ ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንደ ማንኛውም ቡና እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል። ፊደል የማያነብ ኩሊ ከሩቅ የሚለየው፣ ጆንያው ተዘቅዝቆ ቢቆም በጎኑ ቢተኛ የማይጠፋ ምልክት ካመጡ ለብቻው ያስቆልለዋል፤ ካላመጡ ግን የዐሥር ዓመት ልፋታቸው በሰው አተላ ውስጥ እየሰጠመ ይኖራል።

ጉሉማ ይህን ሰምቶ ቆርቆሮ አላነሣም። «መጀመሪያ ሥራዎን ልይ» አለ።

«ሥራዬ ምኑ ይታያል? ቡና ነው።»

«የስምንቱም አንበሳ ሥራ ቡና ነው። እኔ የምፈልገው የእርስዎ ብቻ የሆነውን ነው።»

በማግሥቱ ወደ ድርቤ መጋዘን ሄደ። ዐሥራ ሁለት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በየጭናቸው ላይ ሰፌድ አለ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለቀሙ ይጥላሉ። ይህ በየመጋዘኑ ያለ ነው። በሌላ መጋዘን ያላየው ነገር ግን አንድ ነበር። አንዲት ሴት ለቅማ ስትጨርስ ሰፌዷን ወደ ጆንያው አትገለብጥም፤ በቀኟ ለተቀመጠችው ታቀብላለች፤ ያችም እንደ ገና አይታ፣ የቀረ ነውር ካለ ለቅማ፣ ያን ጊዜ ትገለብጠዋለች። ሰፌዱ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ክቡን ይዞራል።

«ለምን ራሷ አትጨርሰውም?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰው የገዛ እጁን ስሕተት አያይም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። እኔም አላይም። ባሌ በሞተ ዓመት ብቻዬን ስለቅም ጠጠሩን ከነቡናው ከተትኩት፤ ያየችልኝ ጎረቤቴ ናት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ማንም የለቀመውን ራሱ አያጸድቅም። እኔም ብሆን» አሉ ድርቤ።

ከሴቶቹ አንዷ ቀና ብላ፣ «ትናንት እንኳ የእሳቸውን ሰፌድ መልሼባቸዋለሁ» አለች፤ ክቡም በሙሉ ሳቀ። ድርቤ አልተቆጡም፤ የተመለሰው ሰፌድ የእሳቸው እንደ ነበር ራሳቸውን ነቅንቀው አመኑ።

ጉሉማ ወደ ሱቁ ተመልሶ በጣውላ ላይ በከሰል መሣል ጀመረ። ዐሥራ ሁለቱን ሴቶች ሣላቸው፤ የከብት መንጋ መሰሉ። ሁለት እጅ ሣለ፤ ጠብ መሰለ። በመጨረሻ ሰፌዱን ብቻ፣ አንድ ክብ አድርጎ፣ በመካከሉም አንዲት የቡና ፍሬ ሣለ። ይህ ቀላልና ጥሩ ነበር። ነገር ግን ወደ ቆርቆሮው ወስዶ ክቡን ዙሪያውን ሲፈለፍለው፣ የክቡ መካከል የሚይዘው አጥቶ ከነፍሬው ወደ መሬት ወደቀ።

ይህ የሥራው የታወቀ መከራ ነው። በቆርቆሮ የሚፈለፈል ቅርጽ፣ መካከሉ እንዳይወድቅ፣ በየቦታው ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ማያያዣ ያስፈልገዋል፤ ሠሪዎቹ ድልድይ ይሉታል። ድልድዩ ባለበት ቀለም አይገባም፤ ስለዚህ የታተመው ምልክት በየቦታው የተቆራረጠ ይመስላል። የስምንቱም አንበሶች አንገት የተቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጉሉማ ለክቡ አራት ድልድይ ሰጥቶ አተመው። ሚስቱ የሺአረግ ገልመጥ አድርጋ አየችው። የሺአረግ ከጎጃም የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ምላሷ ከባልዋ መሮ ይልቅ የተሳለ ነው።

«ይኼማ የጋሪ ጎማ ነው» አለች። «አዴ ድርቤ ቡናውን ትተው ጋሪ ሊነዱ ነው?»

«ድልድይ ካልተውኩለት ይወድቃል።»

«እንዳይወድቅ ብለህ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ አስያዝከዋ። ምርኩዙ ነው እኮ የሚታየው።»

ጉሉማ ለሦስት ቀን ያህል ማንቆርቆሪያ እየበየደ ይህን ነገር በልቡ አመላለሰ። በሦስተኛው ቀን፣ ስሕተቱ ከመጀመሪያው ድልድዩን እንደ ነውር ቆጥሮ ለመደበቅ መድከሙ እንደ ሆነ ተገለጸለት። ክፍተት መኖሩ ግድ ከሆነ ክፍተቱ ራሱ ይናገር። በድርቤ ቤት ሰፌዱ ከአንዷ እጅ ወጥቶ በሌላዋ እጅ ላይ ገና ያላረፈበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ነው የቤቱ ክብር። ስለዚህ ክቡን በሁለት ብቻ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ቦታዎች ከፈተው። ክፍተቱን እንደ ሌላው ድልድይ ቀጭን አላደረገውም፤ የሁለት ጣት ስፋት ሰጠው፤ የቅስቶቹንም ጫፍ እንደ ተዘረጋ መዳፍ አሰለለው። ያን ጊዜ አንዱ ክብ ሁለት ሰፌድ ሆነ፤ አንዱ ለሌላው ሲያቀብል ይታያል። በመካከሉ ያለችውን ፍሬ አጋደላት፤ ፍሬዋን የሚከፍለው ስንጥቅ ሳይቆረጥ የቀረው ቆርቆሮ ራሱ ሆነ። የሚደብቀው ምርኩዝ አልቀረም፤ የሚይዘው ሁሉ ትርጉም ነበረው።

በአሮጌ ጆንያ ላይ አትሞ ለየሺአረግ ሰጣት። እርስዋም ጆንያውን ወዲያና ወዲህ አገላበጠች።

«የቱ ነው ላዩ?» አለች።

«የቱም።»

እንደ ገና ገለበጠችው። በራሱ ቆሞም በእግሩ ቆሞም ያው ነው። «እንግዲህ ኩሊው ሰክሮም ቢያወርደው አይሳሳትም» አለች፤ ከእርስዋ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ጉሉማ ግን በሚስቱ ምስጋና አልረካም። ጆንያውን ጭቃ ረጭቶበት፣ በዝናብ አሳድሮት፣ በገበያው ቀን ከሃያ ሌሎች ጆንያዎች ጋር በቡና ሚዛን ግቢ አስቀመጠው፤ ዋጋሪ የሚባለውንም ኩሊ ጠርቶ አንድ ጊዜ ብቻ ምልክቱን በጣውላ ላይ አሳየው።

«ይህን ፈልግልኝ።»

ዋጋሪ ከበሩ ሳያልፍ በጣቱ አመለከተ። «ያውና። ሁለት ሰፌድ።» ጉሉማ ስሙን አልነገረውም ነበር። ምልክቱ በዚያች ሰዓት በኩሊ አፍ ተጠመቀ።

በዚያ ዓመት የሁለት ሰፌድ ጆንያ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር የድርቤ ስም አብሮ ወጣ። ሽብሩ እንደ ቃሉ ለብቻው አስቆለለው። ገዥዎች መጋዘን ገብተው «ያን ሁለት ሰፌድ አሳዩን» ማለት ጀመሩ። የኑኑ ቁምባ ገበሬዎች የደረሰውን ቀይ ፍሬ መርጠው ወደ ድርቤ አመጡ፤ ክብ ሠርተው የሚለቅሙት ሴቶች በገበያ ሲያልፉ «የሁለት ሰፌድ ልጆች» ተባሉ፤ ይህንንም ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር።

በዚያው ከተማ አዱኛ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለ በእጅ ጽሑፉ የተመሰገነ፣ ከዚያ ወደ ንግድ የገባ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው በአኖ ትልቅ መጋዘን የሠራ ሰው ነው። ከነቀምቴ የሚነሡ የጭነት መኪናዎች በአኖ ቆመው ምሳ ይበላሉ፤ አዱኛም በዚያ የራሱን ጆንያ ይጭንባቸዋል። ምልክቱ ጉሉማ የቀረጸለት ባለዘውድ አንበሳ ነበር። አዱኛ ግን የድልድዩን ክፍተት ማየት አይወድም። ጆንያው ከታተመ በኋላ በቀጭን ብሩሽ ክፍተቱን ሁሉ ያስሞላል፤ አንገትና እግሩ የተያያዘ አንበሳ ያለው እርሱ ብቻ ነው። «የእኔ አንበሳ ስብራት የለበትም» እያለ በገበያ ይኮራ ነበር። ቡናው ግን ሳይደርስ የተሸመጠጠ፣ በባዶ መሬት ላይ ደርቆ ከአፈር ጋር የተጠረገ ነበር።

ይህ ሰው የድርቤን ስም ሲሰማ ወደ ጉሉማ መጣ።

«ለእኔም እንደዚያ ያለ ቅረጽልኝ። ትንሽ ለወጥ አድርገው፤ ብትፈልግ ሦስት ሰፌድ ይሁን።»

«አንበሳህ ምን ሆነ?»

«አንበሳ ዘመኑ አልፎበታል።»

«በመጋዘንህ ሰፌድ አለ?»

«ሰፌድ ለምኔ? ምልክት ነው የጠየቅሁህ፣ የቤት ዕቃ አይደለም።»

«የሌለህን ብቀርጽልህ ቆርቆሮው ይዋሻል። ቡናህን አስለቅም፤ ያን ጊዜ ከሥራህ የሚወጣ ምልክት አብረን እንፈልጋለን።»

አዱኛ ፈገግ አለ። «አንተ ቱምቱ፣ ሰባኪ የሆንከው መቼ ነው?» ብሎ ወጣ። ቱምቱ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን በስድብ ይነገር ነበር፤ የቀጥቃጭ ቃልም በሸንጎ ፊት ከሌላው ቃል ይቀል ነበር።

ዓመቱ ዞሮ የካቲት ሲገባ፣ ሽብሩ ከአዲስ አበባ በላኪው ቤት መኪና ፊቱ ጠቁሮ መጣ። በመኪናው ላይ አንድ የታሠረ ጆንያ አለ። ድርቤን አስጠርቶ፣ በሁለት ሰፌድ ምልክት የመጣ ቡና ግማሹ ጥሬና ጥቁር፣ የቀረው አፈር ሆኖ መገኘቱን፣ ገዥም መልሶ እንደ ጣለው ነገራቸው። «ነገሩ በዚህ ሳምንት ካልተጣራ ምልክቱ ከመጋዘናችን በር አያልፍም፤ ትእዛዙ ደርሶኛል» አለ።

«ከእኔ ቤት አልወጣም» አሉ ድርቤ።

«አምንዎታለሁ። ያልወጣ ከሆነ ግን ሁለተኛ ቆርቆሮ አለ ማለት ነው። ይህን የሚቀርጽ ደግሞ በወለጋ አንድ ሰው ነው።»

ነገሩ ከምሳ በፊት ገበያውን ሞላው። ከሁሉ አብልጦ የነዛው አዱኛ ነው። «ስማችሁን ለቀጥቃጭ አደራ ሰጥታችሁ ምን ጠበቃችሁ?» እያለ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። ነጋዴዎቹም የየራሳቸው ምልክት በእጥፍ ተቀርጾ እንዳይሆን ፈሩ። ጉዳዩ ለነጋዴዎቹ ሽማግሌ ለኦቦ ጨመዳ ቀረበ፤ እርሳቸውም ቅዳሜ ጧት በቡና ሚዛን ግቢ ሸንጎ እንዲቆም አደረጉ። ሸንጎው በጉሉማ ላይ ቢፈርድ ከዚያች ቀን ጀምሮ በነቀምቴ የሚያሠራው አይኖርም፤ ድርቤም ምልክታቸውን፣ ሴቶቹም እንጀራቸውን ያጣሉ።

ጉሉማ ሲወጣ የሺአረግ ከደጃፍ ያዘችው። «ዝምታህ ለእኔ ይበቃኛል» አለችው፤ «ለሸንጎ ግን አይበቃም። ዛሬ ተናገር።»

ሸንጎው በተሰበሰበ ጊዜ አስቀድሞ የተነሣው አዱኛ ነበር። ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ እንደ ጸሐፊነቱ ቃሉን አስተካክሎ ተናገረ። «አባቶቼ፣ እኔ በማንም ላይ ክፋት የለኝም። ነገር ግን አንድ እጅ የቀረጸውን ያው እጅ ካልሆነ ማን ይደግመዋል? ይጠየቅልኝ። ሁለተኛውን ለማን ሸጠው?»

«መልስ አለህ፣ ጉሉማ?» አሉ ኦቦ ጨመዳ።

«መልሴን ከመስጠቴ በፊት ጆንያውን ልይ። እስከ አሁን አላየሁትም።»

ሽብሩ ጆንያውን አስወርዶ ከመካከል አኖረው። ጉሉማ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የክቡን ዙሪያ በጣቱ ቀስ ብሎ ተከተለ። አዱኛ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ «የሚለው ጠፋበት» አለ። ጉሉማም ቀና ብሎ የድርቤን ቆርቆሮ፣ ቀለምና ብሩሽ፣ አንድ ባዶ ጆንያም ጠየቀ። ሁሉም እያዩት አተመ፤ አዲሱንም ከአሮጌው አጠገብ ዘረጋው።

«ዋጋሪን ጥሩልኝ» አለ። ኩሊው ከጆንያዎቹ መካከል መጣ። «ልዩነት አለው?»

ዋጋሪ ማሰብም አላስፈለገው። «የእኛው ክፍት ነው። ይኼኛው ተዘግቷል። ይህ ሁለት ሰፌድ አይደለም፣ አንድ ምጣድ ነው።»

ሰው ሳቀ። በእርግጥም በሐሰተኛው ጆንያ ላይ ክቡ ዙሪያውን ሙሉ ነበር። ሽብሩ ግን ጥንቁቅ ሰው ነውና፣ «ይህ አያድንህም» አለ። «በአንተ ቆርቆሮ ታትሞ ኋላ ክፍተቱ በብሩሽ ቢሞላስ?»

«በብሩሽ ተሞልቷል፤ በቆርቆሮ የተዘጋ ክብ ማተም የሚችል ሰው አልተፈጠረም። ነገር ግን ወደ ብርሃን አቅርበው እይ። የተሞላው ቦታ ቀለሙ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ተቀባ ሳስቷል። ስፋቱ ስንት ነው?»

ሽብሩ ጣቱን አኖረበት። «አንድ ጣት እንኳ አይሞላም።»

«ጫፉስ?»

«ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።»

«አሁን የእኔን ለካ።»

ሽብሩ ሁለት ጣቱን አኖረ፤ የሰለለውንም ጫፍ በጥፍሩ ተከተለው። ከዚያ ለኦቦ ጨመዳ፣ «ሌላ እጅ ነው» አላቸው።

«ሌላ እጅ መሆኑ ታወቀ» አሉ ሽማግሌው። «የማን እንደ ሆነስ?»

«እኔ ስም አልጠራም፣ አባባ» አለ ጉሉማ። «የቀረጸው ሰው ከጆንያ ላይ በወረቀት ገልብጦታል፤ የእኔን ክፍተት ግን እንደ ሌላው ድልድይ የሠሪ ድካም መስሎት አጥብቦ ቆርጦታል፤ ከዚያም ነውሩን ሊሸፍንልኝ ሞላው። በዚህ ከተማ የታተመ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ክፍተት የሚሞላ ማን ነው? በዚህ ግቢ መኪና የሚጠብቅ የሁላችሁም ጆንያ አለ። ሄዳችሁ እዩ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው በተቆለሉት ጆንያዎች መካከል አለፉ። ሰባት አንበሶች አንገታቸው ተቆርጦ ነበር፤ ሦስት ዝሆኖች ኩምቢያቸው ተለያይቶ ነበር። ስምንተኛው አንበሳ ብቻ ያለ አንዳች ስብራት፣ ከነዘውዱ ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ከበስተ ኋላ አንድ ሰው፣ «ስብራት የሌለበት አንበሳ» አለ፤ ይህን ቃል ሁሉም ከማን አፍ ሲሰማው እንደ ኖረ ያውቃል።

አዱኛ ኮቱን ቆለፈ። «ንጹሕ መሆን ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

«ወንጀል አይደለም» አሉ ኦቦ ጨመዳ። «የአኖን መጋዘንህን ብናይ ቅር ይልሃል?»

«አኖ ሩቅ ነው። ቁልፉም ከእኔ ጋር የለም።»

«መኪና አለ» አለ ሽብሩ። «ቁልፉም ከመጋዘን ጠባቂህ ጋር ይኖራል።»

በዚያው ቀን ሁለት ፖሊስ፣ ኦቦ ጨመዳን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ፣ ሽብሩ፣ ጉሉማና አዱኛ በአንድ መኪና ወደ አኖ ወረዱ። ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ነው የደረሱት፤ ጌታው ሸንጎ መዋሉን እንጂ መምጣቱን ያልሰማው ጠባቂ፣ አዲስ የታተሙ ጆንያዎችን ፊት ለፊቱ አንጥፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ መካከል አውጥቶ፣ በቀጭን ብሩሽ የክቡን ክፍተት ይሞላ ነበር። ግማሹ ሞልቷል፤ ግማሹ አልሞላም። ቀለሙ እርጥብ ነው። ቆርቆሮውም ከአጠገቡ ተጋድሟል።

ጠባቂው ተነሥቶ ወደ አዱኛ እያየ፣ «እንዳሉኝ ነው፣ ጌታዬ፤ አንድም አልዘለልኩም» አለ።

አዱኛ መሬት መሬት አየ። ኦቦ ጨመዳ ከአንዱ ጆንያ አንድ እፍኝ ቡና አውጥተው በመዳፋቸው ላይ ዘረጉት፤ ጥሬው፣ ጥቁሩና አፈሩ አብሮ ነበር። «ቀለሙን እንዲህ ስታጠራ» አሉት በዝግታ፣ «ቡናውን ምነው?»



መኪናው ወደ ነቀምቴ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እንደ ያዙ መንገድ ዳር ወጥተው በእልልታ ተቀበሉት፤ ድርቤም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ድርቤ፣ ከሁሉ በላይ እልል ሲሉ ተሰሙ። ሽብሩ በዚያው በሕዝቡ ፊት፣ የሁለት ሰፌድ ጆንያ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ቀድሞው በክብር እንደሚገባ፣ ገዥዎቹም እውነቱን እንደሚሰሙ አስታወቀ። ኦቦ ጨመዳ ጉሉማን በእጁ ይዘው፣ በሸንጎው ስም፣ «ቀጥቃጭ ብለን ቃልህን ያቀለልን እኛ ነን፤ ይቅር በለን» አሉት። ጉሉማም አጎንብሶ እጃቸውን ሳመ።

«ነገርኩህ አይደል» አለች የሺአረግ፤ «አፍ አለህ። ዕድሜህን ሙሉ የት ደብቀኸው ነበር?»

«አንቺ ዘንድ አስቀምጬው ነበር» አለ ጉሉማ፤ በዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ የሺአረግ ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም እንዳለች ይነገራል።

በሚቀጥለው ሳምንት ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ። አንበሳቸውን አስጨፍልቀው፣ «ሥራችንን መጥተህ እይና የእኛ የሆነውን ቅረጽልን» አሉት። ከስምንቱ አንበሶች ስድስቱ በዚያ ዓመት ሞቱ። አንዱ ነጋዴ ጉሉማ መጋዘኑን ሊያይ እንደሚመጣ በሰማ ጊዜ፣ ከመምጣቱ በፊት ወለሉን በጣውላ አስነጠፈ፤ ቡናውም ከዚያ ወዲያ መሬት አልነካም።

አዱኛ በአውራጃው ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰው ምልክት ራሱ ቆርጦ አመሳስሎ በመሥራትና በዚያም ገዥን በማታለል ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት፤ የንግድ ፈቃዱ ተወሰደ። የሐሰት ምልክት ያለባቸው ጆንያዎች ቡናቸው ተደፍቶ በአኖ መንገድ ዳር ተቃጠሉ። ወደ ወኅኒ ከመውረዱ በፊትም፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ፣ በቅዳሜ ገበያ በሕዝብ ፊት የገዛ ቆርቆሮውን በገዛ እጁ በመዶሻ ጨፈለቀ።